ዘጠኝ ቁጥር ፊት የበቀለው ሣር

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው» አላት ኮንስታብሉ፣ ገና ከመኪናው አንድ እግሯን ሳታወርድ።

ኢንስፔክተሯን «ነገሩ አልቋል» ከማለት በስሟ መሳደብ ይሻላል። በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ነው የሚሏት፤ ስለቀጠነች አይደለም፣ እንዲያውም ወፈር ያለች ናት፤ ያበጠ ነገር ባየች ቁጥር ሳትወጋ ስለማታልፍ ነው። ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ሳታነበው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ያለቀ ነገር አይቸኩልም። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ኮንስታብሉ እየከፋው ነገራት። ከጫካው ዳር የዱር እንስሳት ጥናት ጣቢያ አለ፤ አንድ ቢሮ፣ ከጀርባው አንድ መኖሪያ ቤት፣ አንድ መኪና። የጣቢያው ኃላፊ ሃያ ዓመት ሙሉ ዛፍ ላይ ካሜራ ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ካሜራው አንሺ አይፈልግም፤ የሞቀ ገላ ፊቱ ሲንቀሳቀስ ራሱ ያነሳል፣ ቀንና ሰዓቱንም ከፎቶው ግርጌ ይጽፋል። ጫካው ውስጥ እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ካሜራዎች አሉ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት የኃላፊው ድርሻ ናቸው፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ የምክትሉ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው የካሜራዎቹን ሚሞሪ ሊቀይር ብቻውን ወጣ። ማታ አልተመለሰም፤ ጫካ ማደር ልማዱ ስለነበር የፈለገው የለም። ትናንት ጎህ ሲቀድ የጣቢያው ጥበቃ፣ ዘጠኝ ቁጥር ካሜራ ካለበት ቋጥኝ ሥር፣ ገደሉ ውስጥ ሞቶ አገኘው።

«ወድቆ?»

«ሐኪሙ የወደቀው ከተመታ በኋላ ነው ይላል። ማጅራቱን በከባድ ነገር ተመትቷል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ። ስድስት ሆነን ቀኑን ሙሉ ገደሉን ስንበረብር ዋልን፤ የተመታበትን ነገር አላገኘንም።»

«ጥበቃውንስ ለምን አሰራችሁት?»

«ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በሰው ፊት ‹አንድ ቀን ከዚያ ገደል እወረውርሃለሁ› ብሎታል። ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ያለውን ሚሞሪ አውጥተን አይተናል። ከእንስሳ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለበት። እሱ።»

«የእስረኛ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?»

«አሥር ሰዓት።»

ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል ነው። ጥበቃው በዚያ መኪና ከሄደ መመለሻው ሩቅ እንደሆነ ታውቃለች። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተሰጠው ዓመት ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይታለች። ሥልሳን ላለፈ ሰው ያ ዓመት ቀላል አይደለም።

ቢሮው ሲገቡ መጀመሪያ ዓይኗን የሳበው ግድግዳው ነው። ከላይ በወፍራም ቀለም «የጫካው ሌሎች እንስሳት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ካሜራዎቹ ሳያስቡት ያነሷቸው የጣቢያው ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ በአራት ቀይ ስፒሎች፣ እያንዳንዱ በሟች እጅ ጽሑፍ። ጥበቃው ዛፍ ላይ ሲሸና፦ «ጥበቃችን ችግኝ ሲያጠጣ»። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ተኝቶ፦ «ሾፌራችን በሥራ ላይ»። ምክትሉ ጭቃ ውስጥ በቂጡ ተቀምጦ፦ «ሳይንቲስቱ አፈር ሲያጠና»። አንዲት ሴት ወደ መሬት ጎንበስ ብላ ከጀርባዋ፣ ፎቶው ከቆየ ብዛት ቢጫ ሆኗል፦ «ድንጋይ ለቃሚዋ ባለቤቴ»። መሐል ላይ ባዶ ቦታ አለ። አራት ቀይ ስፒሎች ምንም ሳይዙ በአራት ማዕዘኑ ተሰክተው ይጠብቃሉ።

«ይሄ ባዶው የማን ነው?» አለች።

«እንጃ» አለ ኮንስታብሉ። እሱም ሳያስበው ግድግዳውን አይቶ ሊስቅ ሲል ዓይኗን አየና ተወው።

የሟች ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሬሳው ሲነሳ ከትከሻው አልወረደም ነበር አሏት። ከፈተችው። ስምንት ትንንሽ ፖስታዎች፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ያገለገለ ሚሞሪ፣ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር የተጻፈባቸው። አንድ ያልተነካ አዲስ ሚሞሪ። የውሃ ኮዳ። ከታች በካርቶን መሐል የተቀመጠ አንድ የታተመ ፎቶ። ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ኮንስታብሉ አንገቱን ከማስገጉ በፊት ወደ ካርቶኑ መልሳ የራሷ ቦርሳ ውስጥ አኖረችው።

ጥበቃው ዕቃ ቤት ውስጥ ካቴና እንደገባ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ስትገባ ቀና ብሎ አየና ምራቁን ወደ ጎን ተፋ።

«ጋሼ፣ ገድለውታል?»

«በመሞቱ ደስ ብሎኛል።»

«ያልጠየቅሁዎትን ነው የመለሱልኝ።»

«አልገደልኩትም። ግን ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱንም ጻፊው። ልጄን ሊያጭ የመጣ ሰው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ያየኝ፣ ሱሪዬን ይዤ። ጋብቻው ፈረሰ። ‹አውርደው› ብዬ ስለምነው ‹አንተም ከጫካው እንስሳት አንዱ ነህ› አለኝ።»

«ዘጠኝ ቁጥር እንዴት እንደሚከፈት ያውቃሉ?»

«ያንን የሰይጣን ዓይን? በእንጨትም አልነካው። ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።»

«ትናንት ግን ፊት ለፊት አንስቶዎታል።»

«ሬሳ አይቼ ስሮጥ ፊቴን ላዙር?» አለ። «ሂጂ እንግዲህ። ብታስሪኝም ብትፈቺኝም ላንቺ የመጨረሻው ሰው አይደለሁም።»

ሾፌሩ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። መኪናው ጋ ቆሞ ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳል።

«ወንድሜን የገደለው ታስሯል። አንቺ ከዚህ በላይ ምን ፈልገሽ ነው?» አላት፣ ሰላምታዋን ሳይመልስ።

«ከትናንት ወዲያ የት ዋልክ?»

«ምክትሉን ይዤ መንታ መንገዱ ጋ አደረስኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ወርዶ ሄደ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። እሱን ጠይቂው፤ የወንድሜን ወንበር ሲመኝ ስንት ዓመቱ።»

«ጥበቃው ነው ወይስ ምክትሉ ነው የገደለው? አንዱን ምረጥ።»

«ሁለቱም ቢሰቀሉ አይቆጨኝም።»

«ወንድምህን ትወደው ነበር?»

«ወንድሜ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችና ጥላው ሄደች።

ምክትሉ ረጅም፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ወገቡ ላይ ሰፊ ቢላ የታጠቀ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጠበቃት፤ ወንበር ግን አላቀረበላትም።

«ሾፌሩ ለሦስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር ይላል።»

«ሾፌሩ ተኝቶ ነበር፤ ፎቶው ግድግዳው ላይ አለልዎ። እኔ ሦስቱን ካሜራዎቼን ቀይሬ መጣሁ። አዲስ ሚሞሪ ስናስገባ ካሜራው ፊት ቆመን፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘን መነሳት የጣቢያው ደንብ ነው። ሄደው ይዩ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ጋ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ አለሁ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ቁጥር፣ ገደሉን ዞሮ፣ ለእርስዎ እግር ሦስት ሰዓት ነው። ለእኔ ሁለት።»

«ስለ እግሬ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። የዘጠኝ ቁጥርን የባለፈውን ሳምንት ሚሞሪ ያሳዩኝ።»

አሳያት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፎቶ። አብዛኛው ምንም የለበትም፤ ከታች በግራ በኩል የበቀለ ሣር ብቻ፣ በየቀኑ እያደገ፣ መጨረሻ ላይ የፎቶውን ሲሶ ሸፍኖ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ጠላታችን ነው» አለ ምክትሉ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ድምፁ ትንሽ ለዘብ አለ። «ሣር ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ካሜራው እንስሳ መስሎት ያነሳል። ዓመት እዚህ የሠራ ሰው ካሜራ ፊት ሣር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እጁ እምቢ ይለዋል። እኔ በቢላ አጭደዋለሁ፤ ኃላፊው ከነሥሩ ይነቅለው ነበር። ሁሉም የየራሱ አመል አለው።»

«አሁን ደግሞ ፖሊስ ከዘጠኝ ቁጥር ያወጣውን።»

አሥራ አራት ፎቶ ብቻ ነው። ቆቅ፣ ጦጣ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት፤ መጨረሻ ላይ ጥበቃው፣ ዓይኑ ፈጦ። የመጀመሪያው ቆቅ የተነሳው ከትናንት ወዲያ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። እንስሳው ይለያያል፤ መንገዱ፣ ግንዱና ጥግ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አይለወጡም። ኢንስፔክተሯ አሥራ አራቱንም ሁለት ጊዜ ተመለከተቻቸው።

«ጣቢያው በጠቅላላ ስንት ካሜራ አለው?»

«መዝገቡ ላይ አሥራ ሦስት።»

«ጫካው ውስጥ አሥራ ሁለት ናቸው።»

«አንዱን ከወር በፊት ኃላፊው ወሰደው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እኔና እሱ ከሥራ ውጭ ሁለት ቃል አንለዋወጥም ነበር።»

የሟች ባለቤት መኝታ ክፍሏ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሃምሳውን የያዘች፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። የምትደገፍበት ዱላ ከአልጋው ማዶ ግድግዳው ላይ ቆሟል።

«እንባ ፈልገሽ ከሆነ ሌላ ቤት ሞክሪ» አለች።

«እንባ ማስረጃ አይሆንም፣ እትዬ። ከትናንት ወዲያ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጉልበቴ ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከግቢ አልወጣም። እነሱ የሚያመጡትን ፎቶ እለያለሁ። ይሄ ቆቅ ነው፣ ይሄ ጃርት ነው፣ ይሄ ሣር ነው። ሥራዬ ይኸው ነው።»

«ድሮ ጫካ ሲወጡ በነበረ ጊዜ እርስዎ የተከሏቸው ካሜራዎች ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ?»

ሴትዮዋ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ካርቶን አሳየቻት። «እኔ አልደርስም። ልጅሽን ጥሪና ያውርደው።»

ኢንስፔክተሯ ኮንስታብሉን ልትጠራ ወጣች። ከሾፌሩ ጋር ሲነታረክ አገኘችው፤ እሱን ከነገሩ ነቅላ እስክትመለስ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ወርዷል። ሴትዮዋ በቦታዋ ተቀምጣለች። ወንበሩ ላይ የጫማ አቧራ አለ። ዱላው ግን ከአልጋው ማዶ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ይፍቀዱልኝ» አለችና ኢንስፔክተሯ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጣች። ቁም ሣጥኑ አናት በአቧራ ተሸፍኗል፤ ካርቶኑ ከነበረበት ጎን የመዳፍ ያህል አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ መሐል አድርጎ አንድ ነገር ለብዙ ቀን እንደተቀመጠበት። ወረደች። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት አሮጌ ፎቶዎች ሃያ ያህሉን አገላበጠችና አንዱን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ መስኮቱ ሥር ያለውን የአበባ ማሰሮ አየች። አንድ ረጅም ቅጠል ብርሃኑን እንዳይከልል ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ ጠጠር ተጭኖበታል።

«ለምን አይቆርጡትም?»

«ምን በደለኝ?» አለች ሴትዮዋ።

ወደ ዘጠኝ ቁጥር በአቋራጭ አንድ ሰዓት ነው። ኮንስታብሉ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ። ስምንት ቁጥር ላይ ቆመው ካሜራውን ከፈቱ፤ ሟች ከትናንት ወዲያ አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ «8» የሚል ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፈገግ ብሏል፤ ከንፈሩ ብቻ የሚስቅ ዓይነት ሰው ነበር። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አሥር ደቂቃ ተራመዱ።

ካሜራው ግንድ ላይ ታስሮ ወደ መንገዱ ያያል። ገደሉ ከግንዱ ስድስት እርምጃ ላይ ነው። ኮንስታብሉ ወደ ገደሉ ሄደ። ኢንስፔክተሯ ግን ካሜራው ፊት ተንበረከከች። ሣሩ አልታጨደም፤ አልተነቀለም። ልክ እንደ ፀጉር ወደ ጎን ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ አሁንም ግማሹ አረንጓዴ ነው። ጓንቷን አጥልቃ ሣሩ ላይ ያለውን በአንድ እጇ ቀና አድርጋ ከሥር አየች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ና፣ ይሄን በከረጢት ያዝ። እስከ ማታ አፍህን ብትከፍት ራሴ እሰፋዋለሁ።»

ኮንስታብሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኛ እኮ ገደሉን ሙሉ…»

«‹በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ› ይባላል» አለች። «እናንተ ደግሞ የባሰባችሁ ናችሁ፤ ገደሉን ስታዩ ሣሩ አመለጣችሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጥበቃው ከነካቴናው በሩ አጠገብ ቆመ። ሾፌሩና ምክትሉ በሁለት ጥግ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ መሐል ላይ ናት። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ግን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች እንዳያይ ይጠነቀቃል።

«ቶሎ በይ» አለ ሾፌሩ። «መኪናው ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ። ባዶውን አይመለስም» አለች ኢንስፔክተሯ። እሷ አልተቀመጠችም። «መጀመሪያ የሟች ቦርሳ። ዘጠኝ አዲስ ሚሞሪ ይዞ ወጣ። ስምንቱን ቀየረ፤ ስምንት አሮጌ አለ። ዘጠነኛው አዲስ ሚሞሪ ግን ቦርሳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ቁጥርን ሳይከፍት ነው የሞተው። ታዲያ ፖሊስ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ያገኘው፣ ከአምስት ሰዓት ከሃምሳ የሚጀምረው ሚሞሪ የማን ነው?»

«የሳምንቱ አይደለም?» አለ ምክትሉ፤ ድንገት ቀና ብሎ።

«ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ ቆቅ አላለፈም? የሳምንቱን ሚሞሪ አንድ ሰው ወስዶታል፤ ምክንያቱም ካሜራው ግድያውን አንስቷል። በምትኩ ባዶ አስገባ፤ ደንቡ በሚያዘው ወረቀት ግን አልተነሳም። መታየት አልፈለገም።»

«ጥበቃው ነዋ» አለ ሾፌሩ።

«ጋሼ ካሜራ መክፈት አያውቁም። ያውቃሉ እንበል፤ የራሱን ምስል ሊያጠፋ ሚሞሪ የቀየረ ሰው በማግስቱ ጠዋት መጥቶ እዚያው አዲሱ ላይ ፊቱን ይተዋል? ይህን ያህል ሞኝ አይደሉም። ተሳዳቢ ናቸው እንጂ።»

ጥበቃው አጉረመረመ፤ ካቴናው ግን እንዳይንኳኳ እጁን አጠጋጋ።

«አሁን ወደ ሣሩ። የባለፈው ሳምንት ሚሞሪ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፎቶ አለው፣ ሣሩ ሌንሱ ፊት ስለሚወዛወዝ። አዲሱ ሚሞሪ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ሌሊት ቆይቶ አሥራ አራት ብቻ ነው ያነሳው። ነፋሱ ቆሞ አይደለም። ገዳዩ ሚሞሪውን ሲቀይር፣ ካሜራውን መልሶ ከማብራቱ በፊት፣ ሣሩን ከሌንሱ ፊት አነሳው። ሬሳ ገደል ውስጥ ጥሎ፣ ልቡ እየመታ፣ ስለ ሣር የሚጨነቅ ማነው? ሐሳቡ አልተጨነቀም፤ እጁ ነው። ምክትሉ ራሳቸው ነግረውኛል፣ ዓመት እዚህ የሠራ ሰው ሣር አይቶ አያልፍም። ስለዚህ ሾፌሩም ከጥርጣሬ ወጣ፤ አንድ ካሜራ ነክቶ አያውቅም።»

ሾፌሩ ጥርሱን ነከሰ። ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ። ምክትሉ እጁን ከቢላው ላይ አነሳ።

«እሳቸው ያጭዳሉ» አለች ኢንስፔክተሯ። «የዘጠኝ ቁጥር ሣር አልታጨደም። ሟች አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ስምንት ቁጥር ጋ በሕይወት ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥር ጋ የደረሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ፣ አምስት ከሃያ ላይ፣ እሳቸው ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ርቀው አሥራ ሁለት ቁጥር ፊት ተነስተዋል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ መመለሳቸውን የመሰከረው ደግሞ ሾፌሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተባብረው ውሸት ቀርቶ እውነትም አይናገሩም።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከብዶ ተንኳኳ። ውስጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከታች በኩል ደም ደርቆበታል፣ ሁለት ሽበት ፀጉር ተጣብቆበታል።

«ስድስት ፖሊስ ገደል ውስጥ የፈለገው ይህ ነው። በአሥራ አራቱም ፎቶ ላይ አለ። ሁላችሁም እንስሳውን እያያችሁ አለፋችሁት፤ እኔም መጀመሪያ አልፌው ነበር። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላይ ግን እዚያ ድንጋይ የለም። ገዳዩ ሣሩን ወደ ጎን አስተኝቶ፣ እንዳይነሳ ይህን ጫነበት፤ በእጁ የነበረውን። አመል ያወጣል ከመሐል።» አሮጌውን ፎቶ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን ከእትዬ ካርቶን ነው የወሰድኩት። እሳቸው የተከሏቸው ካሜራዎች ያነሱት ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጥግ ላይ ሣር ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ። ግድግዳው ላይ ያለውም ‹ድንጋይ ለቃሚዋ› ለዚህ ነው የተሳቀባቸው። ጉልበታቸው ደግሞ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት ያለ ዱላ ወንበር ላይ ወጥተው ካርቶን አውርደዋል።»

ሴትዮዋ ዱላውን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሌላ ሰው እኔን መስሎ ሊያደርገው ይችል ነበር» አለች፣ ልክ ስለ ሌላ ሰው እንደምትነጋገር።

«እርስዎን ሊያስወነጅል የፈለገ ሰው እንዲታይ ያደርገው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ አልታየም። ደግሞ አሥራ ሦስተኛው ካሜራ የት እንደነበር አውቃለሁ፣ እትዬ። ባዶው ቦታ ላይ ሊሰቀል የነበረውንም አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «አየሽው?»

«ከእኔ ሌላ ማንም አላየውም።»

«ምኑን?» አለ ሾፌሩ ተነስቶ። «አሳዪን። ወንድሜ የሞተበትን ነገር የማየት መብት አለኝ።»

«ዳኛው ያየዋል። ይህ ግድግዳ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ፎቶ አይሰቀልበትም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሴትዮዋ እጆቿን እያየች ተናገረች።

«ጉልበቴ ታመመ ያልኩት ከሱ ጋር ጫካ ላለመሄድ ነው። ሲወጣ በሬን ዘግቼ እጨፍራለሁ። ዘፈን የለ፣ ምን የለ፤ ብቻዬን። ሌላ የራሴ የምለው ነገር የለኝም። ወር ሙሉ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሲያነሳኝ ነበር። ያን ጠዋት ፎቶውን አሳይቶኝ ‹ማታ ግድግዳው ላይ ነሽ› ብሎኝ ወጣ። በጓሮ ወጥቼ በአቋራጩ ተከተልኩት። ዘጠኝ ቁጥር ጋ ደርሼ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እስቲ እዚህ ጨፍሪ፣ ይሄኛውም ካሜራ ይይሽ› አለኝ። ከዚያ ሣቀና ዞረ።» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «በኪሴ ሁልጊዜ ባዶ ሚሞሪ አይጠፋም። አሮጌውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ የመኝታ ቤቱን ካሜራ ሽንት ቤት ጉድጓድ። ድንጋዩን ግን… ገደል የወረወርኩት ነበር የመሰለኝ።»

«ለአንድ ፎቶ?» አለ ሾፌሩ። «ወንድሜን ለአንድ ፎቶ ብለሽ?»

«አንተ ስታንኮራፋ ነው የተሰቀልከው» አለ ጥበቃው ከበሩ። «ዝም በል።»

ኮንስታብሉ ካቴናውን ከጥበቃው እጅ ፈታ፤ ወደ ሴትዮዋ ሲሄድ እጆቿን ራሷ ዘረጋችለት። ጥበቃው አንጓውን እያሻሸ ወደ ግድግዳው ሄደ። የራሱን ፎቶ ነቅሎ አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ «ድንጋይ ለቃሚዋን» ነቀለ፤ እሱን ግን አልቀደደውም፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ኢንስፔክተሯን አላመሰገናትም። እሷም አልጠበቀችም፤ ሦስት ተኩል ላይ የተቀበለችውን ወረቀት አውጥታ በጀርባው መጻፍ ጀመረች።

መኪናው አሥር ሰዓት ላይ መጣና ከግቢው በር ውጭ ቆመ። በሩ አጠገብ ያለው ግንድ ላይ አንድ ቁጥር ካሜራ ታስሯል፤ ፊቱ ሣር በቅሏል። ሴትዮዋ በኮንስታብሉና በኢንስፔክተሯ መሐል ስታልፍ እግሯ ቆመ። ኮንስታብሉ ሊገፋት ሲል ኢንስፔክተሯ እጁን ያዘችው።

ሴትዮዋ ተንበረከከች። በታሰሩ እጆቿ ሣሩን ሰብስባ ወደ ጎን አስተኛችው፣ ያዘችው፤ ከዚያ ዙሪያዋን አየች። ድንጋይ በአጠገቧ የለም። ብትለቀው ይነሳል። እንደያዘችው ቀረች።

በእንጨትም አልነካው ይል የነበረው ጥበቃ ከኋላ መጣ። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ በእጇ ሳይሰጣት፣ ራሱ ሣሩ ላይ ጫነው። ካሜራው አራቱንም አነሳቸው፤ ጥበቃው በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም።

«በቃ» አለች ሴትዮዋ፣ ጉልበቷን አራግፋ እየተነሳች። «አሁን የሚያልፈው ሁሉ በደንብ ይታያል።»

ከዚያ ቀጥ ብላ ያለ ዱላ ተራምዳ መኪናው ውስጥ ገባች።